ለእግዚአብሔር ክብር የተነሣ ድንጋይ፦ በዮሐንስ ወንጌል 10፡33 ላይ የቀረበ አስተንትኖ



ባለፈው ዐቢይ ጾም፥ በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፥ በቁምስናችን ለብዙ ዓመታት ትምህርተ ክርስቶስ ሲያስተምሩ የኖሩ አንድ አዛውንት ካቴኪስት ሊያነጋግሩኝ ቀረቡ። ፊታቸው እንደ ወትሮው አልነበረም። «አባ፥ አንድ ልጅ ሳላሰናክል አልቀረሁም» ሲሉ ጀመሩ። ነገሩ እንዲህ ነው። በትምህርት ሰዓት አንድ የዐሥራ ስድስት ዓመት ወጣት ተነሥቶ፥ «ሙስሊም የሆነ የክፍል ጓደኛዬ ‹ኢየሱስ አምላክ ነኝ ብሎ አያውቅም፤ አይሁድ በዚህ በከሰሱት ጊዜ እንኳ ከመዝሙር ጠቅሶ ክሱን አስተባበለ እንጂ አልተቀበለም› ይለኛል። ቦታውንም ከገዛ ወንጌላችን አሳይቶኛል። ምን ብዬ ልመልስለት?» ሲል ጠየቀ። ካቴኪስቱ ጥያቄው ድንገተኛ ስለ ሆነባቸው፥ «ይህ የስድብ ቃል ነው! በእግዚአብሔር ቤት እንዲህ አይባልም፤ ተቀመጥ!» ብለው አስቀመጡት። ወጣቱም ተቀመጠ፤ በሚቀጥለው እሑድ ግን አልመጣም፤ ከዚያ ቀጥሎ ባለውም አልመጣም። «አባ፥ እኔ እኮ የጌታን ክብር ልጠብቅ ብዬ ነው» አሉኝ።

ይህ የመጨረሻ ቃላቸው ለብዙ ቀናት ከልቤ አልወጣም። ወጣቱ በጠየቀበት በዚያው የወንጌል ክፍል ድንጋይ ያነሡት ሰዎች «ስለ ምን አነሣችሁ?» ተብለው ቢጠየቁ ከዚህ የተለየ መልስ አይሰጡም ነበርና። እነርሱም የእግዚአብሔርን ክብር ሊጠብቁ ተነሥተው ነበር። እንግዲህ በዚህ አስተንትኖ ሁለት ጥያቄዎችን አብረን እንመርምር። የመጀመሪያው፥ ይህ ክስ ስለ ጌታችን ማንነት ምን ያስተምረናል? የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ሰው የእግዚአብሔርን ክብር እጠብቃለሁ እያለ እግዚአብሔርን ሊበድል ይችላልን? የሚል ነው።

ነገሩ የተፈጸመበት ጊዜና ቦታ

ወንጌላዊው ዮሐንስ ጊዜውንና ቦታውን ለይቶ ይነግረናል። ጊዜው የመቅደስ መታደስ በዓል ነው። ቦታው በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ፥ የሰሎሞን መመላለሻ በተባለው ስፍራ ነው። ወራቱ ክረምት ነበረ ሲል በእኛ አገር እንደምናውቀው የሐምሌና የነሐሴ ዝናም ማለቱ ሳይሆን፥ በታኅሣሥ አካባቢ የሚሆነውን የዚያን አገር ብርድ ማለቱ ነው። ይህን ዝርዝር ችላ ብሎ የሚያልፍ አንባቢ የክሱን ክብደት ሊረዳ አይችልም።

በዓሉ የሚያስታውሰው ታሪክ በመጽሐፈ መቃብያን ተጽፏል። (ይህ በካቶሊካዊው መጽሐፍ ቅዱስ የሚገኘው መቃብያን ነው፤ በግእዝ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቀው መጽሐፈ መቃብያን ስሙ አንድ ቢሆንም ይዘቱ ሌላ ነው።) ከክርስቶስ ልደት በፊት በ167 ዓመት የሶርያው ንጉሥ አንጥዮኩስ አራተኛ ቤተ መቅደሱን አረከሰ፤ የእግዚአብሔርን ሕግ መጠበቅንም በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገ። ይህ ንጉሥ ኤጲፋኔስ፥ ማለትም «የተገለጠ» ይባል ነበር፤ ባሳተመውም ገንዘብ ላይ ራሱን የተገለጠ አምላክ ብሎ ጠርቷል። ሽማግሌው አልዓዛር፥ እናቲቱም ከሰባት ልጆቿ ጋር፥ ሕጉን አንክድም ብለው የሞቱት በዚህ ሰው ዘመን ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ በ164 ዓመት ይሁዳ መቃብዮስና ወንድሞቹ መቅደሱን አንጽተው መሠዊያውን ቀደሱ፤ ስምንት ቀንም በዓል አደረጉ። ሁለተኛው መጽሐፈ መቃብያን በምዕራፍ 9 እንደሚተርከው፥ ንጉሡ በሚሞትበት ሰዓት ሟች የሆነ ሰው ከእግዚአብሔር ጋር እተካከላለሁ ብሎ ማሰብ እንደማይገባው ተናዘዘ፤ መጽሐፉም ያንን ሰው ተሳዳቢ ብሎ ይጠራዋል።

እንግዲህ በዚያ በዓል፥ በዚያ ቅጥር ውስጥ የቆሙትን ሰዎች እናስብ። አባቶቻቸው ደማቸውን ያፈሰሱት ሰው ሆኖ ሳለ ራሱን አምላክ ያደረገ አንድ ንጉሥ ስለ ተነሣባቸው ነው። የዚያ መታሰቢያ በሚከበርበት ቀን አንድ የገሊላ ሰው በመካከላቸው ቆሞ እርሱና አብ አንድ መሆናቸውን ይናገራል (ቁ. 30)። ድንጋይ ያነሡት ክፉዎች ስለ ሆኑ ብቻ ነው ብለን ብናስተምር ወንጌሉን አናስተምርም፤ ታሪኩንም እናዛባለን። ስለ እግዚአብሔር አንድነት መሞት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሕዝብ ልጆች ነበሩ። የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 28 ቀን 1965 ባወጣው «ኖስትራ ኤታቴ» በተባለው መግለጫ፥ በጌታ ሕማም የሆነው ሁሉ ያኔ በነበሩት አይሁድ ላይ ያለ ልዩነት፥ ዛሬ ባሉትም ላይ ሊጫን እንደማይገባ አስተምሯል። ዮሐንስ «አይሁድ» ሲል በንባብ ስንሰማ ይህን ትምህርት በልባችን መያዝ ይገባናል።

ከሳሾቹ ምን ሰሙ?

ጌታችን ከአብ ዘንድ ካሳያቸው ብዙ መልካም ሥራዎች ስለ የትኛው እንደሚወግሩት ጠየቃቸው። እነርሱም ክሳቸው ስለ መልካም ሥራ ሳይሆን ስለ ስድብ መሆኑን፥ ይኸውም ሰው ሆኖ ሳለ ራሱን አምላክ ማድረጉ መሆኑን መለሱለት። በአማርኛችን «ስድብ» የሚለው ቃል በገበያና በጎረቤት ጠብ የምንሰማውን ክፉ ቃል ሁሉ ስለሚያጠቃልል ክሱን ቀላል ያስመስለዋል። ግእዙ ግን «ጽርፈት» የሚል ለይቶ የሚናገር ቃል አለው፤ በእግዚአብሔር ስምና ክብር ላይ የሚነገር ነውር ማለት ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 24 መሠረት የዚህ ቅጣቱ በማኅበሩ እጅ በድንጋይ መወገር ነበረ።

ክሱ በዚህ ቦታ ብቻ የተነገረ አይደለም። በቅፍርናሆም ለሽባው ኀጢአቱን ይቅር ባለው ጊዜ ጻፎች ይህንኑ በልባቸው አሰቡ (ማር. 2፡7)። በመጨረሻም ሊቀ ካህናቱ ልብሱን ቀድዶ የፈረደበት በዚሁ ክስ ነው (ማር. 14፡64)። ከዚህ የምንረዳው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ከሳሾቹ የሰሙትን በትክክል ሰምተዋል። ኢየሱስ መልካም መምህር ወይም ከነቢያት አንዱ ብቻ ነው ብሎ አክብሮ ከሚያልፍ ሰው ይልቅ፥ እነርሱ የቃሉን ክብደት ተረድተውታል።

ስሕተት ሰምተው ቢሆን ኖሮ ሊያርማቸው በተገባ ነበር። ጳውሎስና በርናባስ በልስጥራ ሕዝቡ አማልክት ናቸው ብሎ ሊሠዋላቸው ሲል ልብሳቸውን ቀድደው ጮኹ፤ እንደ እነርሱ ሰዎች መሆናቸውንም ተናገሩ (ሐዋ. 14)። በራእይ መጽሐፍ መልአኩ ዮሐንስ እንዳይሰግድለት ከለከለው። ከትንሣኤ በኋላ ቶማስ ጌታዬና አምላኬ ብሎ በመሰከረ ጊዜ ግን ጌታችን አልከለከለውም፤ እምነቱን ተቀበለ እንጂ (ዮሐ. 20)። ቅንና ትሑት ሰው የማይገባውን የአምላክነት ክብር ዝም ብሎ አይቀበልም።

የጌታ መልስ ማስተባበያ ነውን?

የወጣቱ ጓደኛ ያነሣው ነጥብ ይህ ነውና በጥንቃቄ እንመልከተው። ጌታችን በመልሱ የጠቀሰው በዕብራይስጡ ቍጥር 82ኛ፥ በግእዙ ዳዊት ደግሞ 81ኛ የሆነውን መዝሙር ነው። በዚያ መዝሙር እግዚአብሔር በሕዝቡ ላይ እንዲፈርዱ የተሾሙትን «አማልክት» ብሎ ይጠራቸዋል፤ ነገር ግን ለድሀ አደጉና ለችግረኛው ስላልፈረዱ እንደ ሰው እንደሚሞቱ ይነግራቸዋል።

አንዳንዶች ይህን ሲያነቡ፥ «እንግዲያስ እርሱም ራሱን አምላክ ያለው እንደ እነዚያ ዳኞች በማዕርግ ስም ብቻ ነው» ይላሉ። የአነጋገሩን መንገድ ብናጤን ግን እንዲህ አይደለም። ይህ የአይሁድ መምህራን በሚገባ የሚያውቁት፥ ከታናሹ ወደ ታላቁ የሚሄድ ማስረጃ ነው። የእግዚአብሔር ቃል የመጣላቸው ሰዎች፥ ያውም ፍርድ ያጓደሉ፥ በዚህ ስም ከተጠሩና መጽሐፍም ሊሻር ካልቻለ፥ አብ ራሱ ቀድሶ ወደ ዓለም የላከው የእግዚአብሔር ልጅ ነኝ ቢል እንዴት ስድብ ይሆናል? ማለቱ ነው። እነዚያ ቃሉ መጣላቸው፤ እርሱ ግን ራሱ የተላከው ነው። «የተቀደሰ» የሚለውንም ቃል ልብ እንበል። የመሠዊያው መቀደስ በሚከበርበት ቀን፥ አብ የቀደሰው እርሱ መሆኑን ይናገራል፤ ቀደም ሲልም ስለ ሰውነቱ ቤተ መቅደስ ተናግሮ ነበር (ዮሐ. 2፡21)።

ከሁሉ ይልቅ መጨረሻውን እንይ። ንግግሩን የፈጸመው አብ በእርሱ፥ እርሱም በአብ መሆኑን በመግለጥ ነው (ቁ. 38)። ያን ጊዜ ሊይዙት ዳግመኛ ፈለጉ (ቁ. 39)። ክሱን አስተባብሎ ቢሆን ኖሮ ድንጋዩን ጥለው ወደ ቤታቸው በሄዱ ነበር። ስለዚህ ወጣቱ ለጓደኛው በትሕትና ሊናገር የሚችለው መልስ «ምዕራፉን እስከ መጨረሻው እናንብበው» የሚል ነው።

የወጣና የወረደ

ታዲያ ከሳሾቹ በትክክል ከሰሙ ስሕተታቸው የቱ ላይ ነው? በክሱ ውስጥ ባለች በአንዲት ግሥ ላይ ነው፤ «ማድረግ» በምትለው። ሰው ሆኖ ራሱን አምላክ አደረገ አሉ። አንጥዮኩስ በእርግጥ እንዲህ አድርጎ ነበር፤ ከታች ተነሥቶ ወደማይገባው ዙፋን ለመውጣት ሞከረ። የክርስትና እምነት ግን የሚናገረው የዚህን ተቃራኒ ነው። ሐዋርያው ለፊልጵስዩስ ሰዎች እንደ ጻፈው፥ በእግዚአብሔር መልክ የነበረው እርሱ ራሱን ባዶ አድርጎ የባሪያን መልክ ያዘ፤ እስከ መስቀል ሞትም ታዘዘ። ሰው ወደ አምላክነት አልወጣም፤ አምላክ ወደ ሰውነት ወረደ እንጂ። የእግዚአብሔርን ክብር የሚነጥቅ እግር ሊያጥብ አይጎነበስም።

እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች አርዮስን የመለሱት በዚሁ ነጥብ ነው። ወልድ የተደረገ ወይም የተፈጠረ አይደለም፤ ከአብ የተወለደ፥ በባሕርይም ከእርሱ ጋር አንድ ነው ሲሉ መሰከሩ። ይህን ጸሎተ ሃይማኖት በየቅዳሴው ስንደግመው ከ1700 ዓመት በላይ የቆየ ምስክርነት በአፋችን እንደያዝን እናስታውስ። ለአገራችንም ቅርብ ነገር ነው፤ የአክሱም የመጀመሪያ ጳጳስ የሆነውን ፍሬምናጦስን፥ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለውን፥ የሾመው ለዚህ እምነት ብዙ ጊዜ የተሰደደው ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። በ356 ገደማ የአርዮስን ወገን ይደግፍ የነበረው ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢዮስ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፥ ፍሬምናጦስ በእስክንድርያ በአትናቴዎስ ፈንታ በተተካው ጳጳስ ፊት እንዲመረመር ወደ ግብፅ ይላክ ብሎ ነበር፤ ደብዳቤውም በአትናቴዎስ ጽሑፍ ውስጥ ተጠብቆ ይገኛል። በሰሎሞን መመላለሻ የተነሣው ጥያቄ በዚያን ጊዜ እስከ አክሱም ደርሶ ነበር ማለት ነው።

ድንጋዩ በማን እጅ ነው?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። ከሳሾቹ ክሱን ከመልካሙ ሥራ ለይተው አስቀመጡት። ሠላሳ ስምንት ዓመት የታመመው ሰው ተነሥቶ ሲሄድ አይተዋል (ዮሐ. 5)፤ ዕውር ሆኖ የተወለደውም ዓይኖቹ ተከፍተው ነበር (ዮሐ. 9)። እነርሱ ግን ስለ ሥራው አይደለም አሉ። ጌታችን ደግሞ ቃሉን ማመን ቢከብዳቸው እንኳ ሥራውን አይተው እንዲያምኑ ለመናቸው። በደላቸው መጠየቃቸው አይደለም፤ ማየት ማቆማቸው ነው። ፍርዱ አስቀድሞ ስላለቀ ምስክሩ የሚሰማበት ቦታ አላገኘም።

ይህ በእነርሱ አልቆመም። ቅዱስ እስጢፋኖስ በሙሴና በእግዚአብሔር ላይ የስድብ ቃል ተናገረ ተብሎ ተወገረ፤ የወጋሪዎቹም ልብስ ሳውል በሚባል ጐበዝ እግር አጠገብ ተቀመጠ። ያ ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ቀድሞ ተሳዳቢ እንደ ነበረ ይናዘዛል (1 ጢሞ. 1፡13)። ነገሩን በእርጋታ እናስበው፤ ተሳዳቢ ነው የተባለው እስጢፋኖስ ነበር፤ ተሳዳቢ ሆኖ የተገኘው ግን የከሳሾቹን ልብስ የጠበቀው ነው። ለእግዚአብሔር የቀና መስሎት በእግዚአብሔር ላይ ተነሥቶ ነበር።

እኛ ክርስቲያኖችም ከዚህ ነፃ ነን አንልም። ብፁዕ ወቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. መጋቢት 12 ቀን 2000 በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በተደረገው የይቅርታ ቀን፥ የቤተ ክርስቲያን ልጆች እውነትን እናገለግላለን ሲሉ ከወንጌል ጋር በማይስማማ መንገድ ስለ ፈጸሙት በደል እግዚአብሔርን ይቅርታ ለምነዋል።

«ታዲያ ስድብ የሚባል ኀጢአት የለም ማለት ነውን?» የሚል ይኖራል። አለ። የእግዚአብሔርን ስም በክብር መጥራት ከዐሥርቱ ትእዛዛት አንዱ ነው። በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቍጥር 2148 ስለዚህ ኀጢአት ሲያስተምር ግን ብዙዎቻችን የማንጠብቀውን ይጨምራል፤ ወንጀልን ለመሸፈን፥ ሕዝቦችን ባሪያ ለማድረግ፥ ሰውን ለማሠቃየት ወይም ለመግደል በእግዚአብሔር ስም መጠቀምም ስድብ ነው ይላል። ስለዚህ ለእግዚአብሔር ክብር ተብሎ የተነሣ ድንጋይ ራሱ የእግዚአብሔርን ስም ሊያረክስ ይችላል። እግዚአብሔር ክብሩ እንዲመሰከርለት እንጂ በድንጋይ እንዲጠበቅለት አይሻም። በእጃችን ድንጋይ ላይኖር ይችላል፤ ነገር ግን ወጣቱን «ተቀመጥ!» የሚል ቃልም ድንጋይ ነው።

ለካቴኪስቶች

ከዚህ አስተንትኖ ለማስተማር ሥራችን ሦስት ነገር እንያዝ። አንደኛ፥ እምነታችንን ሳንቀንስ እንመስክር፤ ለጎረቤት ሰላም ብለን ጌታችንን መልካም መምህር ብቻ ብናደርገው ከሳሾቹ እንኳ የሰሙትን አልሰማንም ማለት ነው። ሁለተኛ፥ የሌላውን ቅንዓት እናክብር፤ ሙስሊም ጎረቤታችን የእግዚአብሔርን አንድነት ሲጠብቅ እኛም በአንድ አምላክ እንደምናምን፥ ሥላሴ ሦስት አማልክት ማለት እንዳልሆነ በየዋህነት እናስረዳው። ሐዋርያው ጴጥሮስ ስለ ተስፋችን ለሚጠይቀን ሁሉ መልስ እንድንሰጥ ሲያዝ በየዋህነትና በአክብሮት ይሁን ብሏል። ሦስተኛ፥ ጥያቄን ከስድብ እንለይ። ሰው የሚጠይቀው ሊያምን ስለሚፈልግ ሊሆን ይችላል፤ መልሱን ባናውቀው እንኳ «እስቲ አብረን እንፈልገው» ማለት ከማንም መምህር ክብርን አይቀንስም።

እኒያ አዛውንት ካቴኪስት ከተነጋገርን በኋላ ወደ ወጣቱ ቤት ሄዱ። እናቱ ቡና አፍልታ ነበርና ተቀመጡ፤ በእናቱም ፊት፥ «ልጄ፥ ጥያቄህ ስድብ አልነበረም፤ የተሳሳትሁ እኔ ነኝ» አሉት። ከዚያም ምዕራፉን ከፍተው እስከ መጨረሻው አነበቡ። ወጣቱ ሥራውን አይተው ያምኑ ዘንድ የተለመነበት ቁጥር ላይ ሲደርሱ አስቆማቸውና፥ «ያን ጊዜ ሥራውን በዓይናቸው ያዩ ነበር፤ ጓደኛዬ ግን ዛሬ ሥራውን የት ያያል?» ብሎ ጠየቃቸው። ካቴኪስቱ ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «አባ፥ መልሱን ከመጽሐፍ ልፈልግለት ብዬ ገጹን አገላበጥሁ፤ ኋላ ግን ከእኛ ዘንድ ማየት የነበረበት መሆኑ ገባኝ» አሉ።

ወጣቱ አሁን አንዳንድ እሑድ ይመጣል፤ አንዳንድ እሑድ ይቀራል። ጥያቄው ግን ለእኔም፥ ለእናንተም፥ ለቁምስናችንም ሁሉ ቀርቷል። በሰሎሞን መመላለሻ ከድንጋይ ፊት ቆሞ መልካሙን ሥራ ያሳየ ጌታ፥ እርሱን በአፋችን አምላክ ብለን ስንመሰክር ሥራውን በእጃችን የምናሳይበትን ጸጋ ያድለን። አሜን።